ለኮምፒውተር የውሃ ማቀዝቀዣና ፋን ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት በፕሮሰሰሩ (ስሌቱን በሚሠራው የኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ) ሳጥን ላይ በሚነበበው መነሻ ዋት ተማምኖ ማቀዝቀዣ መግዛት ነው። የኢንቴል ኮር አይ9-14900ኬ መነሻ ኃይሉ 125 ዋት ቢሆንም፣ ሥራ ሲበዛበት እስከ 253 ዋት ይወስዳል፤ 170 ዋት የሚባለው የኤኤምዲ ራይዘን 9 7950ኤክስም እስከ 230 ዋት ይደርሳል። የሕንፃ ንድፍን ሬንደር የሚያደርግ (ወደ ተጠናቀቀ ምስል የሚቀይር) ማሽን ለሰዓታት የሚቆየው በትልቁ ቁጥር ላይ ስለሆነ፣ ባለ 360 ሚሊሜትር ራዲያተር (የውሃውን ሙቀት ለአየር የሚያስረክበው ክፍል) ይምረጡ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ገንዘብን በሙሉ ለራዲያተሩ አውጥቶ ፋኑን በመብራቱ ውበት መምረጥ ነው። አየሩ በተጠጋጉት የአሉሚኒየም ክንፎች መካከል ሰንጥቆ እንዲያልፍ ፋኑ ግፊት ሊኖረው ይገባል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በእኩል ሙቀት የአየራችን እፍጋት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚፈጥረው ግፊትና ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ በዝቅተኛ ቦታ ተፈትኖ «በዝግታ እየዞረ ይበቃል» የተባለ ፋን እዚህ ላይበቃ ይችላል።

በቦሌ አራብሳ የምትኖር አንዲት አርክቴክት፣ ማሽኗ ሬንደር በጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ 100 ዲግሪ እየደረሰ ፍጥነቱን ስለሚቀንስባት፣ ፕሮሰሰሩ ተበላሽቷል ተብላ ሌላ ልትገዛ ተዘጋጅታ ነበር። የኬዙ (የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚቀመጡበት ሳጥን) ፊት ድፍን መስታወት ሲሆን፣ በፋኖቹና በራዲያተሩ መካከል ካልተጠናቀቀው የሰፈሩ መንገድ የገባው አቧራ እንደ ቡሉኮ ተደላድሎ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝና ግፊት ያላቸው ፋኖች ተገዙ፤ ያ ፕሮሰሰር ዛሬም ይሠራል። ከከተማው ዳር የምትኖሩ ሁሉ፣ ተነቃይ የአቧራ ማጣሪያ የሌለውን ኬዝ እባካችሁ አትግዙ፤ አየር የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጡት ከበለጡ ደግሞ አቧራው በየቀዳዳው አይሳብም።

ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ከራዲያተሩ በላይ እንዲውል ማድረግም ከባድ ስህተት ነው፤ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ከፍ ወዳለው ቦታ ስለሚሰበሰብ ፓምፑ ይንጫጫል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ራዲያተሩን ከኬዙ ጣሪያ ላይ ይግጠሙት። ከዚያ በፊት ግን ቦታውን ይለኩ፦ 27 ሚሊሜትር ራዲያተር ከ25 ሚሊሜትር ፋን ጋር 52 ሚሊሜትር ስለሚሆን ከራሙ (ከማስታወሻ ካርዱ) ጋር ሊጋጭ ይችላል።

የማቀዝቀዣው ማሰሪያ ለማዘርቦርድዎ ሶኬት (ፕሮሰሰሩ ለሚሰካበት ቦታ) የተሠራ መሆኑን ሳያረጋግጡ ከሱቅ አይውጡ። በፕሮሰሰሩ ላይ ከሚያርፈው የማቀዝቀዣው መዳብ ላይ ፕላስቲኩን ይላጡ። ፓምፑን በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት እንዲሠራ ያድርጉ።

በመጨረሻ፣ ራይዘን 7950ኤክስ 95 ዲግሪ ደረሰ ብለው ደህናውን ማቀዝቀዣ አይመልሱ፤ በሙሉ ጫና እስከዚያ እንዲደርስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከዲግሪው ጋር ፍጥነቱንና ዋቱን አብረው ይመልከቱ፤ ሬንደሩ ግማሽ ሰዓት ከሄደ በኋላ ሁለቱም ከጅምሩ ብዙ ካልወረዱ ማቀዝቀዣው ሥራውን እየሠራ ነው።