እንግዳ ወፍ ፍለጋ በባሕር ጠረፍ ከተማ

እንግዳ ወፍ የሚያገኘው ዓይኑ የተለየ ሰው ሳይሆን የዘወትሮቹን ወፎች አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ነው። በትልቅ መንጋ መካከል አንዷ እግሯ ረዘም፣ ምንቃሯ ጎበጥ ያለ መሆኑ የሚታየው መንጋውን ለለመደ ዓይን ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለት ሰዓት በእግር የሚዞሩት አንድ ቦታ ይምረጡና ዓመቱን ሙሉ ይመላለሱበት። ወንዝ ባሕር የሚገባበት ጭቃማ ዳርቻ፣ የጨው ማምረቻ ኩሬ፣ ወደ ባሕሩ ሾልኮ የወጣ መሬት ወይም ዛፍ ያለው የወደብ መናፈሻ ጥሩ ምርጫ ነው። የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬም አይናቅ። ሽታው ባያስደስትም ነፍሳት ስለሚፈሉበት፣ ከተማው ከሚኮራበት አሸዋማ ዳርቻ ይልቅ ወፍ የሚበዛው እዚያ ነው።

ሰዓቱን የሚወስነው ባሕሩ ነው

ጭቃ ላይ የሚለቅሙት ረጅም እግር ወፎች የሚኖሩት በባሕሩ ሙላትና ጉድለት እንጂ በእኛ ሰዓት አይደለም። ውኃው ሲሸሽ በሰፊው ጭቃ ላይ ተበትነው ከዓይን ይርቃሉ። ሲመለስ ደግሞ እየገፋ ወደ ዳር ያመጣቸዋል። ሙላቱ ከመድረሱ ሁለት ሰዓት ቀድመው ቦታዎን ይያዙ። ጫፍ ላይ ከደረሰ በኋላ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በአንድ እግር ቆመው፣ ምንቃራቸውን በላባቸው ውስጥ ሸጉጠው የተኙ ወፎችን ነው፤ ምንቃሩ ካልታየ ደግሞ መለየቱ ከባድ ነው።

በብዙ ጠረፎች ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ዛሬ የተመቸዎት ሰዓት ነገ በ50 ደቂቃ ገደማ የሚዘገየው ለዚህ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሙላቱ ከወትሮው ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ማረፊያው በውኃ ሊዋጥ ስለሚችል ወፎቹን በጨው ኩሬዎችና በአቅራቢያው ባለ ሜዳ ላይ ይፈልጓቸው። በቀን አንዴ ብቻ የሚሞሉ ጠረፎች አሉ፤ ልዩነቱ ከስንዝር የማያልፍባቸውም አሉ። ስለዚህ የራስዎን ወደብ የሙላት ሰንጠረዥ ሳያዩ ከቤት አይውጡ።

ነፋስና ወቅት

አብዛኞቹ ትናንሽ ተሰዳጅ ወፎች የሚጓዙት በሌሊት ነው። ከኋላ የሚገፋ ነፋስ ይዘው ተነሥተው ባሕሩ ላይ ሳሉ ዝናብና የፊት ነፋስ ከገጠማቸው፣ ድካሙ የመጀመሪያዎቹ ዛፎች ላይ ያወርዳቸዋል። ከእንዲህ ዓይነት ሌሊት በኋላ ጎሕ ሲቀድ የወደቡ ቁጥቋጦ ውስጥ ይሁኑ። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ የተመቸ እንደሆነ ግን ከተማውን ሳይነኩ ስለሚያልፉ ዛፎቹ ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ። ክፍት ባሕር ላይ የሚኖሩትን ለማየት የሚጠቅመው ከባሕር ወደ መሬት የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ ነው፤ በተለይ አንድ ሁለት ቀን ከሰነበተ። ንስርና ሽመላን የመሰሉ በሞቃት አየር ላይ እየተንሳፈፉ የሚጓዙ ወፎች ደግሞ መሬቱ እስኪሞቅ ይጠብቃሉ። ውኃ ላይ ያ አየር ስለሚደክም ጠረፉን ተከትለው ጠባቡ መሻገሪያ ላይ ይሰበሰባሉ። ለእነርሱ ከረፋድ በፊት መውጣት አያስፈልግም።

በሰሜን ንፍቀ ክበብ የደቡብ ጉዞው በዋናነት ከሐምሌ እስከ ኅዳር፣ የመልሱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ከጭቃ ወፎች መካከል ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚያልፉት አዋቂዎቹ ናቸው፤ በዚያው ዓመት የተፈለፈሉት ከሳምንታት በኋላ ይከተላሉ። መንገድ ስተው የሚመጡት ብዙዎቹ ልምድ የሌላቸው ወጣቶች ስለሆኑ የወቅቱን ማብቂያ አያሳልፉ።

መሣሪያውና መለየቱ

8×42 ባይኖኩላር (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር) ለአብዛኛው ሥራ በቂ ነው። ለሰፊ ጭቃ ግን ከ20 እስከ 60 ጊዜ የሚያጎላ ቴሌስኮፕና የማይንቀጠቀጥ ባለሦስት እግር መቆሚያ ያስፈልጋል። ቀትር ላይ ከመሬት የሚነሣው ሙቀት ምስሉን ስለሚያርገበግበው ማጉያውን መጨመር ትርፍ የለውም፤ ወደ 25 ወይም 30 ዝቅ ያድርጉት። ፀሐይን ከጀርባዎ ያድርጉ፤ በብርሃን ፊት የታየች ወፍ ሁሉ ጥቁር ናት።

ከቀለም በፊት ቅርጽን ይመልከቱ። መጠን የሚገመተው አጠገቧ ካለች የታወቀች ወፍ ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ ብቻዋን የቆመች ወፍ መጠን ያታልላል። ደንሊንና ከርሊው ሳንድፓይፐር የተባሉትን ትናንሽ የጭቃ ወፎች እንውሰድ፦ ሁለቱም ጎበጥ ያለ ምንቃር አላቸው፤ ረጅም ምንቃር ያላቸው ደንሊኖችም ስላሉ በእርሱ ብቻ መፍረድ ያሳስታል። ሲበሩ ግን ከርሊው ሳንድፓይፐር ከጅራቷ በላይ ሙሉ ነጭ ታሳያለች፤ የደንሊን ነጭ መሐሉ ላይ በጥቁር መስመር የተከፈለ ነው። እስክትበር ይጠብቁ እንጂ አያስበርግጓት።

“እንግዳ ናት” ከማለት በፊት ቀለሟ በተፈጥሮ ጉድለት የነጣ፣ ላባዋን በመቀየር ላይ ያለች፣ በጭቃ ወይም በዘይት የቆሸሸች ወይም ከሁለት ዝርያ የተዳቀለች የዘወትር ወፍ አለመሆኗን ያጣሩ። ሰው ዘግቶ ከሚያሳድግበት የወፍ ቤት ያመለጠች ልትሆንም ትችላለች። የተሰባበረ የጅራት ጫፍና እግር ላይ ያለ ቀለበት ያስጠረጥራሉ፤ ቀለበት ግን ተመራማሪዎችም ያስራሉ። ሰው አለመፍራቷ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሰው በማይኖርበት ሩቅ ሰሜን ያደገች ወፍም አትፈራም።

ምዝገባ

መጀመሪያ ፎቶ ያንሡ፤ ደካማም ቢሆን። የስልኩን ካሜራ ከቴሌስኮፑ ዓይን ማያ መሐል ያስጠጉ፣ ማጉያውን ዝቅተኛው ላይ ያድርጉ፣ ጥቁሩ ክብ እስኪጠፋ በጥቂቱ ያራቁ ያቅርቡ። ቪዲዮ ቀርጾ ጥሩውን ምስል በኋላ መምረጥ ይሻላል። ድምፅ ካሰማች ድምፁንም ይቅረጹ።

ከዚያ መጽሐፍ ሳይከፍቱ ይጻፉ። መጽሐፍ አስቀድሞ ያየ ሰው ያላየውን ሁሉ ያየ ይመስለዋል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ርቀት፣ ብርሃን፣ ለስንት ደቂቃ እንደታየች፤ ምንቃር፣ እግር፣ ክንፍ፣ ጅራት፣ አኳኋን። ያልታየውን “አልታየም” ብሎ መጻፍ መዝገቡን ያጠነክረዋል። የቀለም ቀለበት ካለ ግራና ቀኙ የወፏ እንጂ የእርስዎ አይደለም፤ ከላይ ወደ ታች ያንብቡ።

እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ኢበርድ (eBird)፣ ሰዎች ያዩትን ወፍ የሚያስገቡበት የኢንተርኔት መዝገብ፣ ያልተለመደ ዝርያ ሲገባ ማብራሪያ ይጠይቃል፤ ገምጋሚም ሊጽፍልዎ ይችላል። ጥያቄውን እንደ ስድብ አይቁጠሩት። “ስልኩ እንዲህ አለኝ” ግን መልስ አይሆንም፤ የስልክ መተግበሪያ ግምት ይሰጣል እንጂ ምስክር አይቆምም።

የጎጆንና በቀን የተኛች ጉጉትን ትክክለኛ ቦታ በይፋ አይለጥፉ፤ የድካም ጉዞ ላይ ላለች ወፍም የተቀዳ ድምፅ አያጫውቱ። እ.ኤ.አ. በ2022 መከታተያ የተገጠመላት ወጣት ባር-ቴይልድ ጎድዊት (ረጅም ምንቃር ያላት የጭቃ ወፍ) ከአላስካ እስከ አውስትራሊያዋ ደሴት ታዝማኒያ 13,560 ኪሎ ሜትር ያህል በ11 ቀን ሳታርፍ በርራለች። እንዲህ ያለ መንገድ የመጣች ወፍ በየጊዜው ከተባረረች ያጠራቀመችውን ስብ በከንቱ ታቃጥላለች። መልቀሟን ትታ አንገቷን ካቀናች ቀርበዋል ማለት ነው፤ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይመለሱና እንደገና መልቀም እስክትጀምር ይጠብቁ።