ባለቤቱን ከግሱ አታርቁት

እስቲ ይቺን አንዴ ብቻ አንብቧት፦ «ልጁ ሴትየዋ ውሻው የነከሰውን ሰው እንዳየች ነገረኝ።»

የሰዋስው ስህተት የለባትም። ግን ብዙዎቻችን ተመልሰን ደግመን እናነባታለን። ልጁ፣ ሴትየዋ፣ ውሻው፤ ሦስቱም ግስ ይጠብቃሉ። አእምሯችን ሦስቱንም ይዞ መቆየት አለበት። ግሶቹ ደግሞ ዘግይተው ነው የሚመጡት፤ የቱ የማን እንደሆነ ያኔ ማዛመድ ሊኖርብን ነው።

አሁን ቃላቱን እናዘዋውር፦ «ውሻው የነከሰውን ሰው ሴትየዋ እንዳየች ልጁ ነገረኝ።» አንድም ቃል አልጨመርንም፣ አልቀነስንም። ባለቤቱ ሁሉ ከየግሱ ጎን ስለተቀመጠ አንዱ ተዘግቶ ሌላው ይከፈታል።

ስለዚህ ረጅም ዓረፍተ ነገር ስትጽፉ ውስጠኛውን ሐረግ ወደ ፊት አምጡት፣ ዋናውን ባለቤት ወደ ግሱ አስጠጉት። አማርኛ ይህን ይፈቅዳል፤ እድላችንን እንጠቀምበት።

ርዝመት ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም። «የጎረቤታችን ልጅ ጓደኛ ወንድም» ሲባል ብዙም አንደናገርም (ሐሜት ላይማ ከዚህም ይረዝማል)። የሚከብደው አንዱ ሐረግ በሌላው መሃል ላይ መሰካቱ ነው። ፊንላንዳዊው የቋንቋ ምሁር ፍሬድ ካርልሰን የአውሮፓ ቋንቋዎችን ፈትሾ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ እንዲህ ያለው መሰካካት በጽሑፍ ከ3 እርከን እንደማያልፍ፣ በንግግር ደግሞ 2 እርከን ራሱ ብርቅ እንደሆነ አሳይቷል።

ከተጠራጠራችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «ቆይ፣ ማነው ያየው?» ያላችሁበት ቦታ ላይ ለሁለት ቁረጡት።