የታመመ ድመት ስንመግብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ነብሮ የሚባል ድመት አለን። 11 ዓመቱ ነው። ከ4 ዓመት በፊት ሽንቱ ተዘግቶበት ሊሞትብን ነበር፣ አሁን ደግሞ ኩላሊቱ ደክሟል። በነዚህ ዓመታት ምግቡ ላይ ብዙ ተሳስተናል፣ ስህተቱን የከፈለው ግን እሱ ነው። እናንተም ቤት የታመመ ድመት ካለ ይህን አንብቡልኝ። ስህተቶቹ ሁሉ ከቅንነት የሚመጡ ናቸው፣ ከአፋችን የሚወጡትም በነዚህ ቃላት ነው።

«ሻል ያለ ምግብ እንግዛለት»

ድመት ታመመ ሲባል ሁላችንም ቶሎ የምንጠይቀው «ምን ይብላ?» ብለን ነው። መቅደም ያለበት ግን «የታመመው ምኑ ነው?» የሚለው ነው። ለሁሉም በሽታ የሚሆን ጥሩ ምግብ የለም። ለሽንት ችግር የሚታዘዘውን ምግብ ውሰዱ፤ ሽንት ውስጥ የሚፈጠረውን ስትሩቫይት የሚባል ክሪስታል ለማሟሟት ሽንቱን አሲዳማ ያደርገዋል። የደከመ ኩላሊት ደግሞ አሲድ ማስወጣት ያቅተዋል፣ ስለዚህ አንዱን ድመት ያዳነ ምግብ ሌላውን ይጎዳል። እኛ ይህን አላወቅንም ነበር። የሽንቱ ምግብ ስለጠቀመው ኩላሊቱ መድከም ከጀመረ በኋላም ያንኑ ስንሰጠው ቆየን፣ ያስቆመን የደም ምርመራው ነው።

ክሪስታሉም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ስትሩቫይት በምግብ ብቻ በሳምንታት ውስጥ ሊሟሟ ይችላል። ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን በየትኛውም ምግብ አይሟሟም። ሽንቱ ሳይመረመር «የሽንት ምግብ» ብሎ መግዛት ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነው። አንድ ነገር እዚህ ላይ ልለምናችሁ። ወንድ ድመት እየደጋገመ ለሽንት ከተቀመጠና ጠብ ካላለው ስለ ምግብ አታስቡ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ውሰዱት። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይገድላል።

«ሥጋ በል ነው፣ ሥጋ ይበቃዋል»

ነብሮን ያሳደግነው ከልኳንዳ ሳንባ እየገዛን ነው፣ ሰፈራችን ውስጥ ድመት ያለው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ድመት ሥጋ በል መሆኑ እውነት ነው። ግን አይጥ የያዘ ድመት የሚበላው ከነአጥንቷ፣ ከነሆድ ዕቃዋ ነው። ብቻውን የቀረበ ሥጋ ፎስፈረሱ ብዙ ነው፣ ካልሲየሙ ግን ከምንም አይቆጠርም። ለደከመ ኩላሊት ደግሞ ከሁሉ በላይ መቀነስ ያለበት ፎስፈረስ ነው። የኩላሊት ምግብ የሚባለው በዋናነት የሚለየውም በዚህ ነው። ጉበትም ቢሆን ሲወዱት ዝም ብለን እንሰጣለን፤ በየቀኑ ለወራት ከበሉት ቫይታሚን ኤ ይበዛባቸውና የአንገታቸው አጥንቶች እየተጣበቁ ዞሮ ማየት እንኳ ያቅታቸዋል። ጥሬውን ለታመመ ድመት መስጠት ደግሞ ጭራሽ አይመከርም፣ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ የሚቋቋምበት አቅም የለውም።

«ሁዳዴ ነው፣ እሱም የቤቱን ይብላ»

55 ቀን። ልኳንዳው ዝግ ነው፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ሽሮና ምስር ነው። ድመቱ እንጀራ በሽሮ ሲበላ እናያለንና ለመደ እንላለን። አይለምድም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፣ የድመት ሰውነት በበቂ መጠን ሊሠራው አይችልም፣ የሚገኘውም ከሥጋና ከዓሣ ነው። እሱ ሲጎድል ዓይን ይጎዳል፣ ልብም ይደክማል። በ1987 (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያሉ ተመራማሪዎች ልባቸው የደከመ ድመቶች ታውሪን ሲሰጣቸው እንደሚያገግሙ አሳዩ፣ የድመት ምግብ አምራቾችም ከዚያ በኋላ መጠኑን ከፍ አደረጉ። የውሻ ምግብ ለድመት የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እኔ ራሴ እጾማለሁ። ግን በቅበላ ሰሞን ዶሮ ገዝቼ፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ቀቅዬ፣ በትንንሹ ከፋፍዬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጥለታለሁ። ዶክተሯ በፈቀዱልን መጠን ከታዘዘለት ምግብ ጋር ይቀላቀልለታል። የእሱ ሳህንና ማንኪያ ለብቻ ነው፣ ጾሜንም አልነካብኝም።

«ትንሽ ወጥ ምን ያደርገዋል?»

ብዙ ያደርገዋል። ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ቢበስልም፣ ቢደርቅም፣ ቢፈጭም ያው ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ይብሳል። የኛ ወጥ ከቁሌቱ ጀምሮ ሽንኩርት ነው፣ ነጭ ሽንኩርቱ በርበሬውም ንጥር ቅቤውም ውስጥ አለ። ስለዚህ ሥጋውን ከወጡ አውጥቶ መስጠትም ሆነ አጥቦ መስጠት አያዋጣም። ወተትም እንደዚሁ ነው፤ ብዙዎቹ ትልልቅ ድመቶች አይፈጩትም፣ ያስቀምጣቸዋል። ኩላሊቱ ለደከመ ድመት ተቅማጥ ማለት የሌለውን ውሃ ማጣት ነው።

ስለ ውሃ ካነሳን፣ ደረቁ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ 10 በመቶ ያህል ነው፣ በቆርቆሮ የሚመጣው እርጥቡ ግን ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። ድመት ደግሞ በተፈጥሮው ብዙ አይጠጣም። የሽንትና የኩላሊት ችግር ካለ እርጥቡ ይሻላል። ካልተገኘ ደረቁ ላይ ለብ ያለ ውሃ ጨምሩበት።

«ሲርበው ይበላዋል»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የኩላሊት ምግቡ እዚህ እንደልብ ስለማይገኝ አንድ ዘመዳችን ከውጭ ሲመጣ በሻንጣው ይዞልን መጣ፣ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ነብሮ አሽትቶት ሄደ። ሌላ ምግብ ካየ አይለምደውም ብለን ሁሉንም አነሳንበት። አንድ ቀን ሙሉ አልበላም። በሁለተኛው ቀን ማታ አልጋ ሥር ገብቶ አልወጣ ሲል ነው የደነገጥነው።

ድመት ለጥቂት ቀናት ምግብ ከተወ የሰውነቱ ስብ ወደ ጉበቱ እየጎረፈ ጉበቱን ያቆመዋል። ወፍራም ከሆነ አደጋው የባሰ ነው። ድዱና የጆሮው ውስጥ ቢጫ ሲሆን ነገሩ ገፍቷል ማለት ነው። እኛ ጋ እዚያ ሳይደርስ ዶክተሯ ደረሱልን። «መጀመሪያ ይብላ፣ ከዚያ ትክክለኛውን ይብላ» አሉን። የለመደውን መለስንለት። አዲሱን በማንኪያ ጫፍ እየቀላቀልን ጀመርን፣ እየጨመርን ሄድን፣ አንድ ሳምንት የሚበቃቸው ድመቶች አሉ፣ ነብሮ ግን ወር ሊሞላው ነበር። ምግቡን ትንሽ ማሞቅ ረድቶናል፣ ሽታው ሲወጣ ይመጣል። ክኒኑን ምግቡ ውስጥ መደበቅ ግን ተውን፣ ምሬቱን አንዴ ከቀመሰ ሳህኑን ራሱ ይጠላዋል። ሲያቅለሸልሸው ያቀረቡለትን አዲስ ምግብም እንደዚሁ ለረጅም ጊዜ ሊጠላው ይችላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ማቅለሽለሹ ይታከምለት።

«ስኳሩ እንዲወርድ ምግቡን ቀየርነው»

ይህ ኢንሱሊን ለሚወጋ ድመት ነው። እህል ከበዛበት ደረቅ ምግብ ወደ ሥጋማ እርጥብ ምግብ ሲቀየር ስኳሩ እውነትም ይወርዳል። ኢንሱሊኑ በድሮው መጠን ከቀጠለ ግን ከልክ በላይ ወርዶ ራሱን ሊስትባችሁ ይችላል። ምግቡን ከመቀየራችሁ በፊት ለሐኪሙ ደውሉ።

«እኔ ምንም አልሰጠሁትም»

እናቴ ትንሽ ትሰጠዋለች፣ ልጆቹ ከእጃቸው ያጎርሱታል፣ ጎረቤት በአጥር በኩል ትጠራዋለች። አሁን ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፈናል፣ የሰጠ ሰው ምን እንደሰጠ ይጽፋል። ለጎረቤታችንም ሄጄ አስረዳኋት፣ አሁን ስትመጣ ታሻሸዋለች እንጂ አትሰጠውም። በየ15 ቀኑ ደግሞ ይመዘናል። እሱን ታቅፌ ሚዛን ላይ እወጣለሁ፣ ከዚያ ብቻዬን፣ ልዩነቱ የሱ ነው። ባለፈው ሳምንት 4 ኪሎ ከ200 ግራም ሆኗል፣ ከታመመ ወዲህ ሲጨምር የመጀመሪያው ነው።