የመድረክ መብራት ዲመሮች ከኮንሶሉ ጋር አልገናኝ ሲሉ ብልሽቱን እንዴት እናገኛለን?

ኮንሶሉ (የመብራት መቆጣጠሪያ ሰሌዳው) ላይ ፌደሩ (ተንሸራታች መቆጣጠሪያው) ይገፋል፣ መብራቱ አይበራም። ወይም ማንም ሳይነካው ብልጭ ድርግም ይላል። ብዙ ባለሙያ ወዲያው የሚከፍተው ብልጭ ድርግም የሚለውን ዲመር (የመብራቱን መጠን የሚወስነውን መሣሪያ) ነው፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። በዲኤምኤክስ (የኮንሶሉን ትእዛዝ ወደ መሣሪያዎቹ የሚያደርስ የዳታ ስልት) መስመር ላይ ያሉ መሣሪያዎች በሙሉ አንድ ጥንድ የዳታ ሽቦ ስለሚጋሩ፣ የአንዱ ብልሽት ሲግናሉን በሌላው ላይ ያበላሸዋል።

መልቲሜትር፣ ደህና መሆኑ የተረጋገጠ ረጅም የዲኤምኤክስ ኬብልና ቴርሚኔተር (ሬዚስተር ያለው፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ የሚሰካ መዝጊያ) ያዙ። የዲኤምኤክስ መሞከሪያ ካለ ሥራውን ያፈጥናል፤ ከሌለም ችግር የለም። የሬክ (ብዙ ዲመሮችን የያዘ ሣጥን) ክዳን መክፈት ካስፈለገ ግን ዋናውን ብሬከር አጥፉ፣ ኃይል አለመኖሩንም በሜትር አረጋግጡ።

1. ችግሩ በእርግጥ የሲግናል ነው? አብዛኞቹ ዲመሮች ገጻቸው ላይ የቻናል መሞከሪያ አላቸው። በእሱም ካልበራ አምፖሉን፣ ፊውዙንና ብሬከሩን እዩ። ኮንሶሉ ላይ ግራንድ ማስተሩ (የሁሉንም መብራት መጠን የሚገዛው ፌደር) ዝቅ ብሎ ወይም ብላክአውት (ሁሉንም የሚያጠፋው ቁልፍ) ተጭኖ እንዳይሆን።

2. አድራሻዎቹን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሬክ ከየትኛው ቻናል እንደሚጀምር የሚነግሩትን ቁጥሮች፣ ፈትሹ። ባለ 12 ቻናል ሬኮች ሲደረደሩ አድራሻቸው 1፣ 13፣ 25፣ 37 እያለ ይሄዳል። ሁለት ሬኮች አብረው ከበሩ አድራሻቸው ተደራርቧል። በዲፕ ስዊች (አድራሻ በሚሞላበት የትንንሽ ማብሪያዎች ረድፍ) 37 ማለት የ32፣ የ4 እና የ1 ማብሪያዎች ሲበሩ ነው። ከዜሮ የሚቆጥሩ መሣሪያዎች ግን 36ን ይፈልጋሉ፤ ሁሉም ነገር በአንድ ቻናል ተንሸራቶ ከታየ ምክንያቱ ይኸው ነው።

3. መስመሩን ለሁለት ክፈሉ። ጊዜ የሚበላውም፣ ሰው የሚሳሳትበትም እዚህ ነው። 8 ሬኮች አሉ እንበል። ከ4ኛው የሚወጣውን ኬብል ንቀሉና ቴርሚኔተሩን በቦታው ሰኩ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ከተረጋጉ ጥፋቱ ከዚያ ወዲያ ነው፤ የነቀላችሁትን ኬብልም ከተጠርጣሪዎቹ አታውጡት። ካልተረጋጉ ቴርሚኔተሩን ወደ 2ኛው አምጡ። እንዲህ እየከፈላችሁ ብትሄዱ በ3 ሙከራ አንድ ሬክና አንድ ኬብል ብቻ ይቀሯችኋል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አትቀይሩ፤ ኬብልም አድራሻም አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንደፈታው አይታወቅም።

የቀረውን ሬክ ለመዝለል፣ ወደ እሱ የሚገባውን ኬብል ከእሱ ከሚወጣው ጋር በቀጥታ ሰኩ፤ ጫፎቹ ወንድና ሴት ስለሆኑ አዳፕተር አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ከተስተካከሉ የሬኩ ሲግናል ተቀባይ ሰርኪት ተበላሽቷል። ካልተስተካከሉ ኬብሉን በደህናው ቀይሩ።

ወጥመዱ ያለው ሁለቱም ግማሾች ለየብቻ ሲሠሩና ሲገናኙ ሲታወኩ ነው። ያኔ የተበላሸ ዕቃ አትፈልጉ፤ መስመሩ ከልክ በላይ ረዝሟል፣ ተጭኗል ወይም ጫፉ ላይ ቴርሚኔተር የለም። በአንድ መስመር ከ32 መሣሪያ አትለፉ፣ ርዝመቱንም ከ300 ሜትር በታች አድርጉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም መስመሩ መከፈል ካለበት ኦፕቲካል አይሶሌሽን ያለው (መስመሮቹን በኤሌክትሪክ የሚለያይ) ስፕሊተር፣ ማለትም መስመር ማከፋፈያ፣ ግዙ። በዋይ ኬብል (አንዱን መስመር ሁለት በሚያደርግ ኬብል) መክፈል ቁጠባ አይደለም፤ ሲግናሉ ከጫፍ እየተንጸባረቀ ራሱን ያበላሻል።

4. ሽቦውን ለኩ። ኬብሉን ከኮንሶሉ ንቀሉ፣ መሣሪያዎቹን አጥፉ፣ ቴርሚኔተሩን መጨረሻው ላይ ተዉት፤ ከዚያ በፒን 2 እና 3 መካከል ለኩ። 120 ኦም ገደማ ከሆነ ደህና ነው፤ ብዙ መሣሪያ ከተሰካ ትንሽ ዝቅ ይላል። ወደ 60 ከወረደ ሁለት ቴርሚኔተር አለ፤ ብዙውን ጊዜ መሃል ላይ ያለ መሣሪያ የውስጥ ቴርሚኔተሩ ሳይጠፋ ቀርቶ ነው። ዜሮ ከሆነ ሾርት ነው፤ ምንም ካላነበበ ሽቦ ተቆርጧል። «ይሠራል እኮ» የሚለውን አትመኑ፤ ከሁለቱ የዳታ ሽቦዎች አንዱ ተቆርጦም ሲግናሉ አንዳንዴ እየተንገዳገደ ያልፋል። ፒን 1 ከኮኔክተሩ ቀፎ ጋር መገናኘት የለበትም።

ቴርሚኔተር ለመሥራት በወንድ ኮኔክተር ፒን 2 እና 3 መካከል የ120 ኦም ሬዚስተር መበየድ ይበቃል። የማይክ ኬብል ግን ለዲኤምኤክስ አትጠቀሙ፤ አጭር ርቀት ላይ ስለሚሠራ ያታልላል። የዳታ ኬብሉን ከዲመሮቹ የጭነት ኬብሎች (ወደ መብራቶቹ ኃይል ከሚወስዱት) ጋር አንድ ላይ አትጠፍሩት፤ መሻገር ካለበት ቀጥ ባለ ማዕዘን ይሻገር።

5. በኔትወርክ የሚሄድ ከሆነ። ዲኤምኤክስን በኔትወርክ ከሚያስተላልፉት ስልቶች አርት-ኔት ዩኒቨርስን (አንድ የቻናሎች ስብስብ) ከ0፣ ኤስኤሲኤን ከ1 ስለሚቆጥሩ መጀመሪያ ቁጥሩን አመሳክሩ። የአይፒ አድራሻና የሰብኔት ማስክ ካልተጣጣሙ ኖዱ (የኔትወርኩን ዳታ ወደ ዲኤምኤክስ የሚለውጠው መሣሪያ) በርቶ እንኳ ዳታ አይደርሰውም። ሁለት ኮንሶሎች አንድ ዩኒቨርስ የሚልኩ ከሆነ የኤስኤሲኤን ፕራዮሪቲያቸውን (የቅድሚያ ደረጃቸውን) ለዩ።

ሽቦው ሁሉ ደህና ሆኖ ሬኮቹ በየተወሰነ ጊዜ ብልጭ ካሉ፣ ኮንሶሉ ወይም ኖዱ ላይ አርዲኤምን (ኮንሶሉና መሣሪያዎቹ በዚያው መስመር መልእክት የሚለዋወጡበትን ስልት) አጥፉ። አንዳንድ አሮጌ ዲመሮች የፓኬቱን የመነሻ ኮድ (የመልእክቱን ዓይነት የሚለየውን ቁጥር) ስለማያዩ የአርዲኤምን መልእክት እንደ መብራት መጠን ያነቡታል።