የማገዶ እንጨትን በላስቲክ ቤት ቶሎ ማድረቅ

በደጋው አካባቢ በብዛት የሚነደው ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ አዲስ ከተቆረጠ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። 20 ኪሎ እርጥብ ፍልጥ ምድጃ ውስጥ የከተተ ሰው 10 ሊትር የሚጠጋ ውኃ አብሮ ጥዷል ማለት ነው። በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል ይባላል፤ በምድጃ ግን የእርጥቡን አበሳ የሚከፍለው ደረቁ ነው፤ ሙቀቱ ምጣዱን ከማስማት ይልቅ ውኃውን ለማትነን ይውላል፣ ማጀቱም በጢስ ይታፈናል። ለማገዶ የደረሰ እንጨት የሚባለው የውኃ መጠኑ ከ20 በመቶ በታች የወረደ ነው። ሜዳ ላይ የተከመረ ፍልጥ እዚህ ለመድረስ ወራት ሲፈጅበት፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ፀሐይ በላስቲክ ቤት ውስጥ የተደረደረ ቀጭን ፍልጥ ግን በሳምንታት ሊደርስ ይችላል።

ሥራው የሚጀምረው ከመጥረቢያው ነው። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ በቀላሉ ይፈለጣል፣ ልጡም ያለ ትግል ይላጣል፤ ከደረቀ በኋላ ግን መጥረቢያ ይመልሳል። ስለዚህ ግንዱ እንደተቆረጠ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር እየተከረከመ፣ ውፍረቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ሆኖ መፈለጥ አለበት። እንጨት ውኃውን በጎኑ ከሚያወጣው ይልቅ በተቆረጠው ጫፉ በኩል እጅግ ፈጥኖ ስለሚያወጣ፣ ማሳጠሩ ከማቅጠኑ ያላነሰ ይጠቅማል።

ለቤቱ አጣና፣ ሚስማር፣ ጥቂት ቆርቆሮና ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ይበቃል። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር ሆኖ፣ የፊቱ ቁመት 1 ሜትር፣ የኋላው 1 ሜትር ተኩል ቢሆን ጣሪያው ተዳፋት ይሆናል፤ በላስቲኩ ሥር የሚጠራቀመው ላብም እንጨቱ ላይ ከመንጠብጠብ ይልቅ ተንሸራቶ ይወርዳል። በበጋ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ተዳፋቱ ወደ ደቡብ ይዙር። የኋላው ግድግዳ ውስጡ ጥቁር ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ይሁን። ወለሉ በድንጋይና በአጣና ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ካላለ ምስጥም የአፈር እርጥበትም ከታች ይገባሉ። ለግሪንሃውስ ተብሎ የሚሠራው ላስቲክ ፀሐይን እንዲቋቋም የተዘጋጀ ስለሆነ ዋጋው ቢጨምርም ይመረጣል፤ ተራው ላስቲክ ቶሎ እየተሰባበረ ያስቸግራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቤቱን ጥርቅም አድርጎ ሲዘጋ ነው። ሙቀት ብቻውን አያደርቅም፤ እንጨቱን የሚያደርቀው እርጥበቱን ተሸክሞ የሚወጣው አየር ነው። አየር በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ሊሸከም የሚችለው የውኃ ተን ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ መውጫ ካጣ ግን ሞልቶ ይቀራል፣ እንጨቱም በሙቀት ውስጥ ይሻግታል። ስለዚህ በፊት በኩል ከታች፣ በኋላ በኩል ከላይ፣ አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት በቤቱ ርዝመት ሙሉ ይተው፤ የሞቀው አየር በላይኛው ሲወጣ በታችኛው አዲስ አየር ይስባል። ፍልጡ የተቆረጠው ጫፉ ወደ ክፍተቶቹ እንዲያይ ሆኖ፣ በየመካከሉ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ እየተተወ፣ ከላስቲኩም ከግድግዳውም ሳይነካ ይደረደር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠዋት ላይ ላስቲኩ በውስጥ በኩል ጠብታ ለብሶ መታየቱ ደግ ምልክት ነው፤ ጠብታው እስከ ቀትር ካልጠፋ ግን ክፍተቶቹን ማስፋት ይገባል።

መድረቁን ለማወቅ ጫፉ መሰንጠቁን ማየት፣ ሁለት ፍልጥ አጋጭቶም ጥርት ያለ ድምፅ መስማት የተለመደ ነው፤ ይሁንና ጫፉ ተሰንጥቆ መሐሉ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል ሚዛን ይሻላል። ሲደረደር ከመሐል አንዱ ፍልጥ ምልክት ተደርጎበት ይመዘን፤ ግማሹ ውኃ የነበረ 2 ኪሎ ፍልጥ ወደ 1 ኪሎ ከ250 ግራም ሲወርድ የውኃ መጠኑ 20 በመቶ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ለተጨማሪ ቀናት ክብደቱ እስኪረጋ ድረስ ቢቆይ ይበልጥ ይጠቅማል።

የደረቀው እንጨት ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ ጣሪያ ባለው ግን ጎኑ ክፍት በሆነ ቦታ ይከመር። ሰኔ ሲገባ ላስቲኩ ከጣሪያው ወርዶ ከፀሐይ ተሸሽጎ ቢቀመጥና በምትኩ ቆርቆሮ ቢለብስ፣ ያው ቤት ለክረምቱ የማገዶ ማስቀመጫ ይሆናል።