ገጸ ባሕርይዎን ስሜት አልባ የሚያደርጉ የአኒሜሽን ስህተቶች

ቁጥሮቹ በሴኮንድ 24 ፍሬም (ተከታታይ ምስል) ለሚሠራ አኒሜሽን ናቸው፤ በ30 የምትሠሩ ጥቂት ጨምሩ።

ፈገግታን በአፍ ብቻ መሥራት

ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ይህ ነው። የፈገግታው ሼፕ ኪ (የፊትን ቅርጽ ከ0 እስከ 1 ባለ መጠን የሚለውጠው መቆጣጠሪያ) 1 ላይ ይደርስና ይተዋል፤ የሚወጣው ለመታወቂያ ፎቶ በግድ የሣቀ ሰው ፊት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1862 (እ.ኤ.አ.) እንዳስረዳው፣ ከልብ የሆነ ፈገግታ ሁለት ጡንቻ ያሠራል። አንዱ የከንፈርን ጫፍ ይስባል፤ ሌላው በዓይን ዙሪያ ሆኖ ጉንጭን ያነሣል፣ ዓይንንም ያጠባል። አፉን 0.6 ላይ አቁሙት፤ ጉንጩን 0.5፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ 0.3 ያህል አንሡ። ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ጭምብል ይመስላል፤ አንዱ ጫፍ በ0.1 ይብለጥ፣ በ2 ፍሬምም ይቅደም። የይስሙላ ፈገግታ ከፈለጋችሁ ዓይኑን አትንኩት፣ ተመልካቹ ራሱ ይነቃበታል።

ሁሉንም በአንድ ፍሬም ማስነሣት

ዓይን፣ አንገትና ትከሻ እኩል ተነሥተው እኩል ሲያርፉ አሻንጉሊት ነው። ለድንጋጤ ዓይን ይቅደም፤ ከ2 እስከ 3 ፍሬም ቆይቶ ቅንድብና ራስ፣ ከዚያ ትከሻ፣ እጅ በመጨረሻ ይከተል። ሥራው ኪፍሬሞቹን (እንቅስቃሴው የሚጀምርባቸውንና የሚያርፍባቸውን ምልክቶች) ዶፕ ሺት ላይ፣ ማለትም ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ በሚታይበት ሰሌዳ ላይ፣ ወደ ቀኝ መግፋት ብቻ ነው።

የሚንሸራተት ዓይን

ሰው የሚንቀሳቀስ ነገር ካልተከተለ በቀር ዓይኑ አይንሸራተትም፣ ይዘላል። ከቦታ ቦታ በ1 ወይም 2 ፍሬም አሻግሩት። ዓይን ተጨፍኖ ሲከፈት ደግሞ 2 ፍሬም መክደኛ፣ 1 ዝግ፣ 3 መክፈቻ ይበቃል፤ መክፈቻው ከመክደኛው ካልዘገየ መብራት ማጥፊያ ይመስላል።

ፊቱ አዝኖ ደረቱ የተነፋ

ከፊት በፊት ገላውን ጨርሱ። ገጸ ባሕርይውን ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቀለም ቀብታችሁ በጥላው ብቻ እዩት። ሐዘኑ ከዚያ ካልተነበበ ቅንድብ አያድነውም፤ ደረቱን አስገቡ፣ ትከሻውን ወደፊት ጣሉ፣ ክብደቱን በአንድ እግር ላይ አሳርፉ።

የተዘጋጀ እንቅስቃሴን እንዳለ መውሰድ

ከኢንተርኔት የሚወርደው «እሺታ» አብዛኛውን ጊዜ ራስን ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ነው። በአማርኛ ትዕይንት ውስጥ ግን ቅንድብን በ3 ፍሬም ብድግ አድርጎ፣ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» የሚል ሰው ይበልጥ የእኛ ነው። ሽማግሌ የሚጨብጥ ወጣትም ቀጥ ብሎ ዓይን ለዓይን ከገጠመ ደፋር ይሆናል፤ ወገቡ ትንሽ ይጎንበስ፣ ግራ እጁ የቀኝ ክንዱን ይደግፍ፣ ዓይኑም ዝቅ ይበል።