ቀድሞ የበሰለን ልጅ እንዴት መያዝ ይገባል?

አምስት ዓመት ሳይሞላው የሱቅ ማስታወቂያ የሚያነብ ወይም የገበያ ሒሳብ በቃሉ የሚደምር ልጅ ያለው ወላጅ፣ ልጁን እንግዳ ፊት አቁሞ ከማስደነቅ ይልቅ የሚጠይቀውንና የሚፈታውን ነገር ለጥቂት ወራት በደብተር ቢመዘግብ ይበጃል። የሸመደደ ልጅና የገባው ልጅ የሚለዩት በዚህ ነው። «7 ሲደመር 8 ስንት ነው?» ብለው መልሱን ካገኙ በኋላ «እንዴት አገኘኸው?» ይበሉት፤ «ከ8ቱ 3 ወስጄ 7ቱን 10 አደረግሁት፣ 5 ተረፈኝ» ካለ ቁጥሩ በእርግጥ ገብቶታል።

ክፍል ስለማዘለል ከመወሰንዎ በፊት ግን የአውስትራሊያዊውን የሒሳብ ሊቅ የቴረንስ ታኦን አስተዳደግ ያስቡ። እ.ኤ.አ. በ1975 የተወለደው ታኦ በሦስት ዓመት ተኩሉ ትምህርት ቤት ቢገባም፣ ለክፍል ሥርዓት ገና ስላልደረሰ ወላጆቹ ሳያፍሩ አስወጡት፤ በኋላም በሒሳብ ከትልልቆቹ ጋር፣ በሌላው ትምህርት ከሚመጥነው ክፍል ጋር እንዲማር አደረጉ። በ1988 በዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ወርቅ ሲያገኝ ገና 13 ዓመቱ ነበር።

ስለዚህ ርእሰ መምህሩን «ልጄ ሁለት ክፍል ይዝለል» ከማለት «በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ ከሦስተኛ ክፍል ጋር ይቀመጥ» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ብዙ ጊዜ ተቀባይነት አያገኝም፤ ያን ጊዜ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን አብሮት እንቆቅልሽና ሒሳብ የሚፈታ ጎበዝ ተማሪ ከሰፈር ይፈልጉለት። የእጅ ጽሑፉ ቢንጋደድ አይቆጡት፤ አእምሮው ቢቀድምም ጣቶቹ የአምስት ዓመት ልጅ ጣቶች ናቸው።